የተለቀሰለት ሰው ይዞት የመጣው መርዶ

ያን ዕለት ጎሕ ሲቀድ ቡራዩ፣ በዚያ የእንጨት አጥር ግቢ የቆምነው ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። አባቴ። በሰበታ ዙሪያ መርዶ በመንገር የታወቁት፣ ሁላችንም ስማቸውን ትተን ኦቦ ብቻ የምንላቸው ሽማግሌ። ከሱሉልታ ያመጣናቸው የቤቱ ልጅ አጎት። የእናቲቱ የንስሐ አባት። ሰበታ ሱቅ ያለው፣ በጭነት መኪናው ያደረሰን ነጋዴ። እናቲቱ ሲወድቁ እንዲይዟቸው የተጠሩ ሁለት የቡራዩ ጎረቤት ሴቶች። ታላቅ ወንድሜ። እና እኔ። ዐሥረኛዋ እሳቸው፣ የቤቱ እናት ናቸው፤ ገና በራቸውን አልከፈቱም።

የማንንም ስም አልጽፍም። አብዛኞቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። እኔ ሰበታ ውስጥ ሬድዮ እጠግናለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸ እየፈታሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ፣ የገጠምኩት አልሠራ ሲል እንደገና እየፈታሁ ነው የተማርኩት። የዚህ ሥራ ጠባይ ተጋብቶብኝ ይሁን አላውቅም፣ ያላየሁትን አየሁ ማለት አልወድም። ስለዚህ በዓይኔ ያየሁትን እንዳየሁት፣ ከወንድሜ የሰማሁትን ከእሱ እንደሰማሁት አድርጌ እጽፋለሁ።

ወንድሜ የጦር ጄት አብራሪ ነው። የቡራዩዋ እናት አንድያ ልጅም አብራሪ ነበር። አብረው ተምረው በአንድ ቀን ተመረቁ። በምርቃቱ ቀን እናቶቻቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው ተዋወቁ፤ ከዚያ ወዲያ በበዓል እናቴ ቡራዩ ትሄዳለች፣ እሳቸውም ሰበታ ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ጄት በላያችን ሲያልፍ ሁለቱም አንጋጠው አየኋቸው።

"የአንቺ ነው የኔ?" አለች እናቴ።

"ከዚህ ምኑ ይለያል? ዝም ብለሽ ለሁለቱም ጸልዪ" አሉ እሳቸው።

በምሥራቁ ድንበር ጦርነት ሲነሣ ሁለቱም ሄዱ። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ጄት ሆነው ተነሡ፤ ሁለቱም አልተመለሱም። በአምስተኛው ቀን በቀትር አንድ መኮንን ከሾፌሩ ጋር ቤታችን መጣ። አባቴ እርሻ ነበር፣ እኔ ሱቄ። እናቴ ብቻዋን በረንዳ ላይ በርበሬ ታሰጣ ነበር። መኮንኑ ኮፍያውን አውልቆ ወረቀቱን ቆሞ አነበበላት። እኔ ስደርስ በርበሬው ላይ ተቀምጣ፣ በዚያው እጇ ዓይኗን ታሽ ነበር። ማንም አልያዛትም ነበር።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ሁሉ አስቀድሞ ይሰማል፤ ሰምቶም ዝም ይላል። ሟቹ የሚመለከተው ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ እንቅልፉን እንዲጨርስ ይተዋል። ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ በሩ ላይ ይቆማል። ከሥጋው ዘመድ አንድ ሰው የግድ መኖር አለበት፤ ያለ እሱ አይነገርም። የሚይዙ እጆች ይዘጋጃሉ። ሽማግሌው ይናገራል። አባቴ ስለ ልጁ ሞት እግዚአብሔርን አላማረረም፤ ስለዚያ ቀትር ግን እስከ ዛሬ ያማርራል።

ከሁለት ቀን በኋላ አስከሬኑ መጣ። የታሸገ ሣጥን ነው፤ እንዳይከፈት ታዟል። የተቃጠለው አውሮፕላን በጅራቱ ቁጥር ታውቆ፣ በዚያ ቁጥር በዚያ ጠዋት የተመዘገበው ወንድሜ ነበር። የሁለተኛው አውሮፕላን ስብርባሪ ግን አልተገኘም። ስለዚህ ለቡራዩዋ እናት የተነገራቸው "ጠፍቷል፤ ፍለጋው ቀጥሏል፤ ተስፋ አይቁረጡ" ነው።

ለቅሶው ላይ ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወገባቸውን ታጥቀው፣ የወንድሜን ፎቶግራፍ ከእናቴ እጅ ወስደው ከፍ አድርገው ያዙ። ሙሾ አውራጇ ሌላ ሴት ነበረች፤ እሳቸው ግን ነጠቋት።

"አሞራ በማታ ይገባል ጎጆው፣
የእናትህ አሞራ ማን ይሆን ያስቀረው?"

ስምንት ሰዎች ሆነን ሣጥኑን ተሸክመን ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ አደረስነው። ሲወርድ እሳቸው እጃቸውን ጫኑበት፤ ጎትተው ነው ያነሧቸው። አፈርም ጣሉ። ከኋላዬ አንዲት ሴት "የራሷ ልጅ የት እንዳለ ሳታውቅ ለሰው ልጅ ይህን ያህል?" ስትል ሌላዋ "ለዚህ ያለቀስኩትን አይተህ የኔን መልስልኝ ማለቷ ነው እኮ" አለቻት። ማታ ሊሄዱ ሲሉ እናቴን አቅፈው "እኔ ተስፋ አለኝ፤ አፈርኩሽ" ሲሏት በጆሮዬ ሰማሁ።

ከቀብሩ በኋላ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቄ ውስጥ አጎንብሼ እሠራለሁ። አንድ ሰው ብርሃኔን ከለለው። ቀና ሳልል "ትንሽ ዞር ይበሉልኝ" አልኩ።

"ሬድዮ ትጠግናለህ አሉ" አለኝ። "የተቀበረ ሰውስ?"

ድምፁን አወቅሁት። ስላወቅሁት ቀና አላልኩም። የያዝኩትን ብሎን እስከ መጨረሻ አጠበቅሁት፤ ከዚያ አየሁ። ልኩ ያልሆነ አመድማ ካፖርት ለብሷል። የፊቱ ቆዳ በፀሐይ ተልጦ አዲስ ሮዝ ቆዳ አውጥቷል። በግራ እጁ ምርኩዝ ይዟል። እጁን ያዝኩና የደም ሥሩን ፈልጌ ቆጠርኩ። ሳቀብኝ።

"ይመታል?"

"ይመታል፣ ጋሼ።"

"ቆጥረህ ጨርስና ቤት እንሂድ።"

መንገድ ላይ ያገኘን ሰው የለም። ኋላ እንደተነገረኝ ግን ሦስት ሰዎች አይተውን በየአጥሩ ገብተዋል። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። አልጮኸችም። ወንድሜን አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች።

"አንተም ታየዋለህ?" አለችኝ።

"አያለሁ፣ እማዬ።"

"ካፖርቱ ምን ዓይነት ቀለም ነው?"

"አመድማ።"

"ቁልፉስ?"

"ከላይ ሁለተኛው የለም።"

ያኔ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ወደቀችበት፤ እሱም በአንድ እግሩ ስለቆመ ተያይዘው ወደቁ። እንዲያ መሬት ላይ እንዳሉ የግራ ጆሮውን በጣቷ ትዳስስ ነበር፤ እዚያ በልጅነቱ አጋም የቧጨረው ጠባሳ አለ።

አባቴ መጣ። ወንድሜ ውኃ ጠጣና የሆነውን ነገረን። አሁን የምጽፈው እሱ ያለውን ነው።

"በዚያ ጠዋት መሪው እኔ ነበርኩ፣ እሱ ተከታዬ። የእኔ ጄት ሬድዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም። መካኒኩ ሁለት ጊዜ ሞከረው፤ እኔ ስናገር ይሰሙኛል፣ እነሱ ሲናገሩ በእኔ ጆሮ ምንም የለም። እሱ መጣና 'መሪው ካልሰማ ሁለታችንም ደንቆሮ ነን። የእኔን ውሰድ። እኔ ዓይን አለኝ፤ ጅራትህን እያየሁ እከተልሃለሁ' አለኝ። ተቀያየርን።"

"መዝጋቢው አላወቀም?" አለ አባቴ።

"እኔ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። ሳልነግረው ተነሣሁ።"

ወንድሜ ቀጠለ።

"ፀሐይዋ ከፊታችን ነበረች። ከታች ደረቅ ወንዝ አለ፤ ነጭ አሸዋ። ሁለት የጠላት ጄቶች ከፀሐይዋ ውስጥ ወጡ። አንደኛውን ተከትዬ ዞርኩ። ስዞር ሌላው ከእሱ ኋላ ተለጥፎ አየሁ። ደንቆሮ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ጮህኩ። 'ወደ ግራ ታጠፍ! ግራ!' አልኩ። እሱም 'ሰማሁህ፣ ወደ ግራ' አለኝ።"

"አለህ?" አልኩ እኔ።

"አለኝ። ቀስ ብሎ፣ ቤት ውስጥ እንደሚያወራ። ታጠፈም። ግን ዘግይቷል፤ ክንፉ ሥር እሳት አለ። 'ዝለል!' አልኩት። 'ሰማሁህ' አለ። አልዘለለም። እሱን ሳይ የራሴን ኋላ ረሳሁ። ጥይቱ እንደ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው የነቃሁት። የአውሮፕላኑ መሪ ዘንግ እጄ ላይ ሞተ። የመዝለያውን እጀታ ሳብኩና መቀመጫው ከነነፍሴ ወነጨፈኝ። ፓራሹቱ ሲከፈት ጸጥ አለ። እሳቱ ከሩቅ ሲወድቅ አየሁት፤ ድምፅ የለውም። የራስ ቁሬ የሬድዮ ገመድ ተበጥሶ ደረቴ ላይ ይወዛወዛል። ያኔ ለሦስተኛ ጊዜ ሰማሁ። 'ሰማሁህ' አለ። እኔ ምንም አላልኩትም ነበር።"

እናቴ አማተበች። እኔ ግን ጠየቅሁ። ይህን በመጠየቄ ኋላ አባቴ ተቆጥቶኛል።

"ገመዱ የተበጠሰው መቼ ነው?"

"መቀመጫው ሲወነጨፍ።"

"ሦስተኛውን የሰማኸው ከዚያ በፊት ነው በኋላ?"

"በኋላ ነው አልኩህ እኮ። ነፋስ ብቻ ነበር።"

ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ነበር። ፓራሹቱን ቆራርጦ አሰረው። ቀን ከግራር ጥላ ሥር እየተኛ፣ በማለዳና በማታ እየተሳበ ሦስት ቀን ሄደ። ግመል ጠባቂዎች አገኙት፤ ወተት ሰጡት፤ እግሩን በእንጨት አሰሩለት። ቋንቋቸውን አያውቅም፤ አንድ ሽማግሌ ግን የወታደር አማርኛ ይችል ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ይኼ ሽማግሌ "ማን ነው የሚጠራህ?" ብሎ ጠየቀው። "ለምን?" ቢለው "ቀን ቀን ስትተኛ ትመልስለታለህ" አለው። በመጨረሻ በግመል ጭነው ወደ አንድ የፖሊስ ጣቢያ አደረሱት፤ ከዚያ በመኪና ወደ ጦር ሰፈሩ።

ሰፈሩ ሲደርስ ፈርመው የቀበሩት ሰው ስለ ሆነ መጀመሪያ ማንም ቁጭ በል አላለውም። መቀያየራቸውን ተናገረ። መዝገቡ ተስተካከለ። ፈቃድ ሰጥተው ሲሸኙት "ወደ ቡራዩ ከነገ ወዲያ ጠዋት በሦስት ሰዓት መኮንን እንልካለን" አሉት።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ጆሮውን አልለቀቀችም ነበር። አሁን ለቀቀችው።

"እንግዲያ ከጓሮው ያለው..."

"እሱ ነው" አለ ወንድሜ።

አባቴ ተነሥቶ ጋቢውን ለበሰ። "ወረቀት ይዘው በጠራራ ፀሐይ እሷ ላይ የሚቆሙ ከሆነ እኔ ሞቻለሁ ማለት ነው" አለና ኦቦን ሊጠራ ወጣ።

ኦቦ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ስንት መርዶ እንደ ነገሩ አያውቁም፤ "የሠርግ ሽማግሌ ሆኜም አውቃለሁ፤ ያንን ግን ማንም አያስታውስልኝም" ይላሉ። ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ አይተው "ኢልማ ኮ፣ ተቀምጠህ ብላ" አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሲበላ ዓይናቸውን አልነቀሉም። በልቶ ሲጨርስ ብቻ ወደ ነገሩ ገቡ።

"የሥጋ ዘመዷ ማነው?"

"ወንድሟ ሱሉልታ አለ፤ ሌላ የላትም" አለ አባቴ።

"እንግዲያ ነገ ሱሉልታ ነን፤ ከነገ ወዲያ በጎሕ ቡራዩ።" ወደ ወንድሜ ዞሩ። "አንተ እዚህ ትቀራለህ።"

"አልቀርም፣ ኦቦ። መሞቱን እርስዎ ይንገሩ። ጄቱን የተቀያየርነው እኔና እሱ መሆናችንን፣ ለመዝጋቢው ያልነገርኩት እኔ መሆኔን ግን ከእኔ አፍ ነው የሚሰሙት። ከመኮንን ሰምተው ኋላ ካገኙኝ ምን እላቸዋለሁ?"

"የእናት እርግማን ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። ከረገሙኝም ፊቴን እያዩ ይርገሙኝ።"

ኦቦ አሰቡና "ከመኪናው ሳትወርድ ትቆያለህ" አሉ። "ያለቀሰችልህን ሰው በድንገት ብታይ ልቧ ይቆማል። ተነግሯት፣ አልቅሳ፣ ስትረጋ እጠራሃለሁ።"

ነጋዴው መኪናውን ያለ ክርክር አወጣ። እሱም ለቅሶ ደርሶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ወንድሜን የሸኘ ሰው ነው። ወንድሜን ደግፎ ሲያሳፍረው "ከብት ጭኛለሁ፣ ሽንኩርት ጭኛለሁ፣ አስከሬንም ጭኛለሁ። ከቀብር መልስ የጫንኩት ግን አንተን ነው" አለው። ወንድሜ ሳቀ። ነጋዴው ግን እንጦጦን እስክንወጣ ድረስ በመስታወቱ ሲያየው ነበር።

ሱሉልታ ስንደርስ አጎትየው ሜዳው ላይ ድርቆሽ ይከምሩ ነበር። እኛን ሲያዩ ደስ ብሏቸው መጡ፤ ከኦቦ ጋር በኦሮምኛ "አካም ኦልተን" ብለው ሰላም ተባባሉ። ከዚያ ወንድሜ በምርኩዙ ከመኪናው ሲወርድ አዩ። መንሹን አነሡ።

"እዚያው ቁም! በስመ አብ በል።"

ወንድሜ እስከ አሜን አለ።

"ጸሎተ ሃይማኖት ድገም።"

"አጎቴ፣ እሱንማ ከመሞቴ በፊትም አልጨርሰውም ነበር።"

አጎትየው ሳቁ። ሳቃቸው እንዲያ እንዳለ ኦቦ ክንዳቸውን ይዘው ከክምሩ ኋላ ወሰዷቸው። የተባለውን አልሰማሁም። ሳቁ ሲቋረጥ ግን ሰማሁ። ቆይተው ሲወጡ መንሹን እንደ ምርኩዝ ይዘውታል፤ ፀጉራቸው ላይ ድርቆሽ አለ፣ አላራገፉትም። ፈረሰኛ ልከው ለንስሐ አባትየውና ለሁለቱ ጎረቤቶች አስነገሩ።

እዚያው አድረን ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። ከኋላ ጭነቱ ላይ እኔና ወንድሜ ብቻ ነበርን።

"አንድ ነገር ንገረኝ" አለኝ። "የማይሰማ ሬድዮ በመሀል ሊሰማ ይችላል?"

"ብየዳው የላላ ከሆነ ሲንቀጠቀጥ ሊነካካ ይችላል። አይቻለሁ።"

"ስለዚህ ሰምቶኛል።"

"የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውን ግን ብየዳ አያስረዳም። ገመድህ ተበጥሷል፤ አንተም አልተናገርክም።"

"ሦስተኛውን ተወው። ሰምቶኛል በለኝ።"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ወንድም አይደለህም? እንዲያው በል።"

አላልኩም።

ከገፈርሳ ውኃ የተነሣ ጉም መንገዱን ሞልቶት ነበር። መኪናውን ከሩቅ አቁመን በእግር ሄድን። ቄሱና ሁለቱ ሴቶች አጥሩ ሥር ይጠብቁናል። ማንም ሰላምታ አልተለዋወጠም። ሣሩ ላይ ውርጭ ስለነበረ እግራችን ሲረግጥ ቀስ ብሎ ይሰበራል፤ ሌላ ድምፅ የለም። በሩ ፊት በግማሽ ክብ ቆምን። ኦቦ ሊናገሩ ሲሉ ሦስት ጊዜ የመሳል ልማድ አላቸው። አንድ ጊዜ ሳሉ።

በሩ ተከፈተ። እሳቸው በእጃቸው ኩራዝ ይዘዋል። ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውም ተሸፍኗል። እንቅልፍ ላይ የነበረ ሰው አይመስሉም። እኛን አንድ በአንድ አላዩም። ከራሳችን በላይ፣ ወደ አጥሩ በር ነው የሚያዩት። ዞር አልኩ። ወንድሜ ከመኪናው ወርዶ፣ በጉሙ ውስጥ፣ በምርኩዙ ቆሟል።

በመካከላችን አልፈው ወደ እሱ ሄዱ። ሁለቱ ሴቶች ሊይዟቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ኩራዙን ወደ ፊቱ አስጠጉ።

"አንተን አልቅሼሃለሁ" አሉት።

"አዎ፣ እማማ።"

"አፈር አልብሼሃለሁ።"

"አዎ።"

"ሣጥኑ ባዶ አልነበረም። እጄን ጭኜበታለሁ፤ ስምንት ሰው ነው የተሸከመው።"

"አዎ።"

"እንግዲያ የተሸከሙት ማንን ነው?"

ኦቦ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። በዚያ ሁሉ ዘመናቸው መርዶውን ከአፋቸው የወሰደባቸው ሰው አልነበረም። አጎትየው "እህቴ" አሉ። እኔ እስኪወድቁ ጠበቅሁ፤ ሁላችንም እስኪወድቁ ጠበቅን። አልወደቁም።

ወንድሜ ነገራቸው። ቆሞ ነው የነገራቸው፤ ምንም አላስቀረም። የማይሰማውን ሬድዮ፣ መቀያየራቸውን፣ ሞተሩን፣ መዝጋቢውን። "እኔ ብነግረው ኖሮ እርስዎ በሐሰት ተስፋ ይህን ያህል ቀን አይቆዩም ነበር። እኔ በራሴ ጄት ብሄድ ኖሮ ደግሞ እዚህ የሚቆመው እሱ ነበር" አለ።

"ስትጠራው ሰምቶሃል?" አሉት።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"እማማ፣ ሊሰማ ይችላል" አልኩ። "ሰምቷል ብዬ ግን አልምልም።"

"ማን ማል አለህ?" አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልጅን እንደ መገሠጽ ነው። "ለሌላው ሰው አይደለም፣ ለእኔ ነው የጠየቅሁት። ሊሰማ ይችላል ካልክ ይበቃኛል።"

ያኔ ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ጮኸች። ሌላዋ ተከተለች። እሳቸው እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ፤ ዝም በሉ። እኔ ሰበታ ላይ አልቅሻለሁ። ፎቶግራፉ የሌላ ነበር እንጂ እንባው የልጄ ነው። ያንን ሁሉ እንባ ለማን እንዳፈሰስኩት አሁን ነው የገባኝ።" ወደ ንስሐ አባታቸው ዞሩ። "አባ፣ ፍትሐቱ በሌላ ስም ነው የተደረሰው። ለልጄ ደርሷል ወይስ እንደገና ይደረስለት?"

ቄሱ ወጣት ነበሩ። "እግዚአብሔር ስም አይሳሳትም፣ እናቴ" አሉ። "ግን ደግመን ብንጸልይ ክፋት የለውም።"

"እንግዲያ ጸልዩለት። ከጓሮው ግን እንዳይነሣ። ልጄ አፈር ሁለት ጊዜ አይለብስም።"

የፀሐዩ ብርሃን ጉሙን ሲያሳሳው ሰው መምጣት ጀመረ። ድንኳን ተተከለ። የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ ወንድሜን ያይና ደጃፉ ላይ ይቆማል፤ ገብቶ ማን እንደ ሞተ እስኪነገረው ድረስ አያለቅስም። እናትየዋ ግን ተቀምጠው ደረቅ ዓይናቸውን ተክለው ለቅሶ የሚደርሱትን ይቀበላሉ። ያን ቀን ሙሉ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም። ያላለቀሰች እናት ለቅሶ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያለቅሰው፣ የተኛ ሰው ያለ ይመስል።

በሦስት ሰዓት የጦር ሰፈሩ መኪና ደረሰ። ለእናቴ ወረቀቱን ያነበበላት ያው መኮንን ነው። ወረቀቱን በእጁ ይዞ ድንኳኑን አየ፤ ወንድሜን አየ። ሰላምታ ሊሰጥ እጁን አንሥቶ መሀል ላይ ተወው።

"ተቀመጥ፣ ልጄ" አሉት እሳቸው። "ወረቀቱን ኪስህ ክተተው። ውኃ ስጡት።"

መኮንኑ ተቀመጠ። አባቴ ከጎኑ ሄዶ ተቀመጠ፤ ምን እንዳለው አላውቅም፣ መኮንኑ ግን አንገቱን ደፋ።

ከቀትር በፊት ወንድሜ ተነሥቶ ምርኩዙን ጥሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። "ይፍቱኝ" አለ። ጫጫታው ቆመ። እሳቸው ራሱን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ጎንበስ ብለው አፋቸውን ጆሮው ላይ አደረጉ። ረጅም ነበር፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያስደግም ያህል። ሲጨርሱ ግንባሩን ሳሙትና ለቀቁት። ሲነሣ ፊቱ ላይ ደም አልነበረም። ምርኩዙን እኔ አቀበልኩት። "ምን አሉህ?" ብዬ ብጠይቀው እንዳልሰማ ሆኖ አለፈኝ።

እግሩ ድኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዛሬም ይበርራል። እናትየዋ ግን በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ፤ በቃላቸው መሠረት ሰበታ፣ ልጃቸው ጎን ተቀበሩ። ወንድሜ ለቀብራቸው መጣ፤ አላለቀሰም፤ ሚስት እንዲያገባ እናቴ ስትለምነው "እሳቸው ያሉት ሳይፈጸም አይሆንም" ይላታል። የሚፈጸመው መልካም ይሁን ክፉ አይናገርም። እናቴ ይህን እያሰበች ከስታለች።

እኔ ያኔ በድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ፣ ከእነሱ ዐሥራ አንድ እርምጃ ርቄ ነበርኩ፤ ኋላ ሄጄ በእርምጃዬ ለክቼዋለሁ። ምንም አልሰማሁም። አባቴ "ምንም አላለችውም፤ ዝም ብላ ትተነፍስ ነበር" ይላል። ነጋዴው "ሂድ የሚል ቃል ሰምቻለሁ" ይላል፤ ወዴት ሂድ እንደ ሆነ ግን አልሰማም። አጎትየው ጥያቄውን አይወዱትም። ኦቦ "የእናት ቃል ነው፤ አትቆፍረው" ብለውኛል።

ከሁሉ ይበልጥ ቅርብ የነበሩት ሁለቱ የቡራዩ ሴቶች ናቸው፤ አንዷ በቀኛቸው፣ አንዷ በግራቸው ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላገኘኋቸውም፤ አንዷ ወደ ሆለታ ሄዳለች ይላሉ። ቄሱም ከኋላ ቆመው ነበር። እናንተ ሦስታችሁ፣ ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ከገባ፣ ወይም አንብቦ የሚነግራችሁ ሰው ካገኛችሁ፣ እናትየዋ ያሉትን ላኩልኝ። ምርቃት ከሆነ ምርቃቱን፣ እርግማን ከሆነም ሳታለዝቡ እርግማኑን። ግማሹን ብቻ ከሰማችሁ ግማሹን ጻፉልኝ፤ የቀረውን ግን ገምታችሁ አትሙሉት። በየትኛው ጎናቸው እንደ ተቀመጣችሁም ጨምሩበት።